ኢንሄለርን በትክክል መጠቀም፦ አስምና ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለባቸው ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

«ይህ መድኃኒት አልሠራልኝም፤ ሌላ ይቀየርልኝ» ብሎ ወደ መድኃኒት ቤት ለሚመጣ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄዬ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እስቲ እንዴት እንደሚወስዱት ያሳዩኝ።» ብዙውን ጊዜ ችግሩ እዚያው ይገለጣል። ጂና የተባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ እንደሚለው ከመቶ ሕሙማን እስከ 70 እና 80 የሚሆኑት ኢንሄለራቸውን በትክክል አይጠቀሙም። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፤ አብዛኞቹ መድኃኒቱን በካርቶኑ እንደታሸገ ተቀብለው የሄዱ፣ አንድም ቀን አወሳሰዱን በእጁ ይዞ ያሳያቸው ሰው ያላገኙ ናቸው።

ክኒን እያለ ለምን በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ይታዘዝልኛል?

ሕመሙ ያለው አየር ቧንቧ ውስጥ ስለሆነ መድኃኒቱም በቀጥታ እዚያው እንዲደርስ ነው። ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ሳልቡታሞል የተባለውን አየር ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት እንውሰድ፤ ክኒኑ አንዱ 4 ሚሊግራም፣ ማለትም 4,000 ማይክሮግራም ነው። የሳልቡታሞል ኢንሄለር አንዱ ፓፍ፣ ማለትም አንድ ጊዜ ሲጫኑት የሚረጨው መጠን፣ ደግሞ 100 ማይክሮግራም ነው፤ ሁለት ፓፍ ቢወስዱ 200። ክኒኑ ሃያ እጥፍ መድኃኒት ይዞ በጨጓራ፣ በጉበትና በደም በኩል ዞሮ፣ እጅ እያንቀጠቀጠና ልብ እያስመታ ነው ሳንባ የሚደርሰው። ኢንሄለሩ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ደረትን ያላቅቃል፤ ክኒኑ ግን ይዘገያል። እኛ አገር «መርፌ ካልተወጋሁ አይሻለኝም» የሚለው እምነት ሥር የሰደደ በመሆኑ በአፍ የሚሳበውን እንደ ቀላል የሚቆጥሩ ብዙ ናቸው። አስምን ከዓመት ዓመት ጸጥ አድርጎ የሚይዘው ግን በትክክል የተወሰደ ኢንሄለር ነው።

ሱስ ያስይዛል? «የመጨረሻ መድኃኒት» ነው ይባላል፤ እውነት ነው?

ሁለቱም እውነት አይደለም። ኢንሄለር የሕክምናው መጀመሪያ ነው፤ ለሕፃንም ለአረጋዊም ይታዘዛል። ሱስም አያስይዝም። ሰዎች ሱስ የሚመስላቸው ሌላ ነገር ነው፤ ፈጣን ማስታገሻውን ብቻ እየወሰዱ ውስጥ ያለው ብግነት፣ ማለትም የአየር ቧንቧው መቆጣትና ማበጥ፣ ሳይታከም ሲቀር ትንፋሽ ማጠሩ ይመላለሳል፣ እነሱም ደጋግመው ይወስዳሉ። ከሳልቡታሞል በኋላ ለጥቂት ጊዜ እጅ መንቀጥቀጥና ልብ ቶሎ ቶሎ መምታት ሊኖር ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ያልፋል።

ሁለት ዓይነት ኢንሄለር ተሰጠኝ። የትኛውን መቼ ልውሰድ?

አንዱ ፈጣን ማስታገሻ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሳልቡታሞል ነው፣ መያዣውም አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ነው። ትንፋሽ ሲያጥር፣ ደረት ሲያፍን ይወሰዳል። ሌላው መከላከያ ነው፤ እንደ ቤክሎሜታሶን ወይም ቡዴሶናይድ ያለ ስቴሮይድ፣ ማለትም ብግነትን የሚቀንስ መድኃኒት፣ ይይዛል። መከላከያው ደህና ሆነው ሳሉም ጠዋትና ማታ ሐኪሙ ባዘዘው መጠን የሚወሰድ ነው። ቀለም ከአምራች አምራች ስለሚለያይ በቀለሙ ብቻ አይተማመኑ፤ የመድኃኒቱን ስም ያንብቡ፣ ካልሆነም ባለሙያው በእስክሪብቶ በላዩ ላይ እንዲጽፍልዎት ይጠይቁ።

በጣም የማዝንበት ስሕተት እዚህ ላይ ነው። መከላከያው ወዲያው እፎይታ ስለማይሰጥ «ምንም አላደረገልኝም» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ይጣላል፤ ሰማያዊው ብቻ ይቀራል። መከላከያው ጥሩ ውጤቱ የሚታየው ከቀናት አልፎ ከሳምንታት በኋላ ነው። ጂና ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዋቂዎችና ታዳጊዎች አስማቸውን በፈጣን ማስታገሻ ብቻ እንዳያክሙ በግልጽ ይመክራል። በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ የማስታገሻ ኢንሄለር የሚጨርስ ሰው ለከባድ ጥቃት ተጋላጭነቱ ይጨምራል፤ አስራ ሁለትና ከዚያ በላይ የሚጨርስ ደግሞ በአስም የመሞት ዕድሉ ከፍ ይላል። ስለዚህ ሰማያዊው ቶሎ ቶሎ እያለቀብዎት ከሆነ ሌላ ከመግዛትዎ በፊት ሐኪም ያነጋግሩ። ቡዴሶናይድንና አየር ቧንቧ የሚከፍተውን ፎርሞቴሮልን አንድ ላይ የያዘ ኢንሄለር የታዘዘላቸው ሰዎች ያንኑ አንዱን ለመከላከያም ለማስታገሻም እንዲጠቀሙበት ሊነገራቸው ይችላል፤ ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ተጭነው የሚረጩትን ኢንሄለር በትክክል የምወስደው እንዴት ነው?

መጀመሪያ ክዳኑን ያንሡና አፉን ውስጡን ይመልከቱ። ኪስ ወይም ቦርሳ ውስጥ የቆየ ኢንሄለር አቧራ፣ ክር፣ አንዳንዴም ሳንቲም ይዞ ይገኛል። ከዚያ በደንብ ይነቅንቁት፤ ውስጡ ያለው መድኃኒት ከታች ስለሚዘቅጥ ሳይነቀነቅ ከተረጨ የሚወጣው መጠን ትክክል አይሆንም። አዲስ ከሆነ ወይም ለብዙ ቀናት ሳይነካ ከቆየ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ አየር ይርጩ፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ በውስጡ ያለው ወረቀት ላይ ተጽፏል።

ቀጥ ብለው ይቀመጡ ወይም ይቁሙ። ከኢንሄለሩ ፊትዎን መለስ አድርገው ትንፋሽዎን እስኪጨርሱ ድረስ ቀስ ብለው ያስወጡ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ አየር የሞላ ሳንባ ደግሞ ለመድኃኒት ቦታ የለውም። አሁን የኢንሄለሩን አፍ በጥርሶችዎ መካከል አስገብተው ከንፈርዎን ይግጠሙበት፤ ምላስዎ ከሥር ይሁን፣ መንገዱን አይዝጋ። በአፍዎ ቀስ ብለው መሳብ ይጀምሩ፤ መሳብ እንደጀመሩ ወዲያው አንድ ጊዜ ብቻ ይጫኑ፤ ከተጫኑ በኋላም መሳቡን ሳያቋርጡ ከአራት እስከ አምስት ሰከንድ ድረስ ሳንባዎ እስኪሞላ ይቀጥሉ። ከዚያ ኢንሄለሩን አውጥተው አፍዎን ይዝጉና ትንፋሽዎን እስከ አስር ሰከንድ ይያዙ። አስር መድረስ ካቃተዎት የቻሉትን ያህል ይያዙ። ቀስ ብለው ያስወጡ። ሁለተኛ ፓፍ ከታዘዘልዎት ከግማሽ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ፣ እንደገና ይነቅንቁ፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ይድገሙ። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ አከታትሎ መርጨት መድኃኒት ማባከን ነው።

መስተዋት ፊት ቆመው ይሞክሩት። ከአፍዎ ጥግ ወይም ከአፍንጫዎ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ተመልሶ ሲወጣ ካዩ ያ ወደ ሳንባዎ መግባት የነበረበት መድኃኒት ነው። ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል፤ ወይ ከመሳብዎ በፊት ተጭነዋል፣ ወይ ከንፈርዎ አልገጠመም። ሌላም የማየው ነገር አለ፤ የሚረጨው ጋዝ ጉሮሮን ቀዝቀዝ ሲያደርገው ሰው ደንግጦ መሳቡን እዚያው ያቆማል። ቅዝቃዜው ጉዳት የለውም፤ ይቀጥሉ። ጣትዎ አቅም ካነሰው ወይም በቁርጥማት ከተያዘ በሁለት እጅ ይጫኑት።

መጫንና መሳብ እኩል አልሄድ አለኝ። ምን ላድርግ?

ስፔሰር ይጠቀሙ። ስፔሰር በኢንሄለሩና በአፍዎ መካከል የሚገባ ባዶ የፕላስቲክ ዕቃ ነው። መድኃኒቱ እዚያ ውስጥ ይረጫል፣ ከዚያ በራስዎ ጊዜ ይስቡታል። ትልልቆቹ የመድኃኒት ቅንጣቶች ጉሮሮ ላይ ከመለጠፍ ይልቅ ዕቃው ውስጥ ስለሚቀሩ ወደ ሳንባ የሚደርሰው ድርሻ ይጨምራል፤ የስቴሮይድ ኢንሄለር ለሚወስድ ሰው ደግሞ አፍና ጉሮሮን ይጠብቃል። እኔ ለሁሉም ሰው፣ «በደንብ እወስዳለሁ» ለሚለውም ጭምር፣ ስፔሰርን እመክራለሁ።

በስፔሰር ሲወስዱ አንድ ፓፍ ብቻ ይርጩና ወዲያው ቀስ ብለው በጥልቀት ስበው ትንፋሽዎን ይያዙ፤ ይህ ካቃተዎት አፍዎን ሳያነሡ አምስት ጊዜ ያህል በዝግታ ይተንፍሱ። ሁለተኛውን ፓፍ ለብቻው ይርጩ። ስፔሰሩ ሲጮኽ ከሰሙ እየፈጠኑ ስለሆነ ዝግ ይበሉ። በሳምንት አንድ ጊዜ ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና አጥበው በራሱ እንዲደርቅ ይተዉት። በጨርቅ ከተወለወለ ፕላስቲኩ ላይ ኤሌክትሪክ ይፈጠርና መድኃኒቱን ግድግዳው ላይ ይስበዋል።

ስፔሰር ለመግዛት አቅም የለኝም ወይም አላገኘሁም። ሌላ መላ አለ?

አለ፤ ያውም በጥናት የተረጋገጠ። በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን የሕፃናት ሳንባ ሐኪም የሆኑት ሄዘር ዛር ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ የተሠራ ስፔሰር በአስም ጥቃት ላይ ላሉ ሕፃናት ከፋብሪካው ስፔሰር ጋር የሚስተካከል ውጤት ሰጥቷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በየቤቱ የማይጠፋውን ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ወስደው በፈሳሽ ሳሙና ያጥቡና ሳይወለውሉ ያድርቁት። የኢንሄለሩን አፍ ጠርሙሱ ቂጥ ላይ አስደግፈው ዙሪያውን በእስክሪብቶ ያስምሩ። ሽቦ እሳት ላይ አግለው በመስመሩ ላይ ፕላስቲኩን እያቀለጡ ቀዳዳውን ያውጡ፤ ይህን አየር በሚገባበት ቦታ፣ ሕሙሙ በሌለበት ይሥሩት፣ የሚቃጠል ፕላስቲክ ሽታ ራሱ አስም ያስነሣልና። ቀዳዳው ጠበቅ ያለ ይሁን። ኢንሄለሩ ሲገባ ዙሪያው አየር የሚያስወጣ ከሆነ በፕላስተር ይክበቡት። ስለት የሆነ ጠርዝና የፕላስቲክ ፍርፋሪ እንዳይቀር ውስጡን በደንብ ያራግፉ፤ ፍርፋሪ ወደ ሳንባ ከገባ ሌላ ጣጣ ነው። ሕሙሙ የሚስበው በጠርሙሱ አፍ በኩል ነው። ፕላስቲኩ ሲሰነጠቅ ወይም ሲደበዝዝ አዲስ ይሥሩ።

የወረቀት ኩባያ ወይም በጥቅል ወረቀት የተሠራ ቱቦ ግን መድኃኒቱን ስለሚመጥጥ አልመክርም።

ልጄ ገና ሦስት ዓመቷ ነው። እንዴት ትወስዳለች?

ከአራት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ጭንብል ያለው ስፔሰር ያስፈልጋቸዋል። ጭንብሉ አፍና አፍንጫዋን አንድ ላይ ሸፍኖ ፊቷ ላይ ልክክ ማለት አለበት፤ በትንሽ ክፍተት እንኳ መድኃኒቱ ይባክናል። አንድ ፓፍ፣ ከአምስት እስከ ስድስት ትንፋሽ፣ ከዚያ ሁለተኛው። እያለቀሰች ስትወስድ «አለቀሰች፣ በደንብ ስባለች» የሚሉ እናቶች አሉ፤ ልጅ ስታለቅስ ግን ረጅሙ እስትንፋስ የሚወጣው ወደ ውጭ ስለሆነ መድኃኒቱ የሚገባው በጥቂቱ ነው። ጭንብሉን መጫወቻ አድርገው በአሻንጉሊቷ ላይ ያለማምዷት፤ ጭንዎ ላይ አስቀምጠው በእርጋታ ይስጧት። ተኝታ ሳለች መስጠትም ቢሆን ብዙ ጊዜ አይሳካም፤ ትነቃለች፣ ትበሳጫለች።

ወላጆች የሆስፒታሉ ኔቡላይዘር፣ ፈሳሽ መድኃኒትን ወደ ጉም ለውጦ የሚሰጠው መሣሪያ፣ ከኢንሄለር የሚበልጥ ይመስላቸዋል። ቀላልና መካከለኛ በሆነ ጥቃት ጊዜ ግን በስፔሰር በትክክል የተሰጠ ሳልቡታሞል ከኔቡላይዘር አያንስም።

የዱቄት ኢንሄለር ነው የተሰጠኝ። አወሳሰዱ ተመሳሳይ ነው?

አይደለም፤ እንዲያውም ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። የሚረጨው ቀስ ተብሎ ይሳባል፤ ዱቄቱ ግን ከመጀመሪያው ቅጽበት ጀምሮ በኃይልና በጥልቀት መሳብ አለበት፣ ምክንያቱም ዱቄቱን የሚበትነው የእርስዎ ትንፋሽ ነው። መድኃኒቱን ካዘጋጁ በኋላ አይነቅንቁት። ወደ ውስጡ አይተንፍሱ፤ የትንፋሽ እርጥበት ዱቄቱን ያጓጉለዋል። አይጠቡት፤ በደረቅ ጨርቅ ብቻ ይጥረጉት። ስፔሰርም አይገባለትም። ከሥሩ እየተጠመዘዘ የሚዘጋጀው ዓይነት ሲወዛወዝ የሚሰማው ድምፅ እርጥበት የሚመጥጠው ማድረቂያ ነው፤ ስለዚህ መድኃኒቱ አልቆም ያንን ድምፅ ያሰማል። ጣዕሙ አልተሰማኝም ብለውም አይድገሙ፤ መጠኑ በጣም ትንሽ ስለሆነ ላይሰማ ይችላል።

ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ላለባቸው፣ ሐኪሞች ሲኦፒዲ ለሚሉት፣ የሚታዘዘው የቲዮትሮፒየም ካፕሱል ደግሞ አይዋጥም። በመሣሪያው ውስጥ ተበስቶ ነው የሚሳበው፤ ሲስቡ ካፕሱሉ የሚንቀጠቀጥበት ድምፅ መሰማት አለበት። ዱቄቱ እንዲያልቅ ከአንዱ ካፕሱል ሁለት ጊዜ ይስቡ። ካፕሱሉን በውሃ የሚውጡ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ በማሸጊያው ላይ እንደማንኛውም ካፕሱል ስለሚመስል አይፈረድባቸውም። በጣም አቅም ያነሰው ሰው፣ በተለይ በዕድሜ የገፋ፣ ዱቄቱን በኃይል መሳብ ካቃተው ለሐኪሙ ይናገር፤ ሌላ ዓይነት ይታዘዝለታል።

አፌ ውስጥ ነጭ ነገር ወጣ፤ ድምፄም ሻከረ።

ስቴሮይድ አፍ ውስጥ ሲቀር ፈንገስ እንዲያድግ ያመቻል። ከእያንዳንዱ የመከላከያ አወሳሰድ በኋላ በውሃ ተጉመጥመጠው፣ ውሃውን እስከ ጉሮሮዎ አድርሰው ይትፉት፣ አይዋጡት። ጥርስ ከመፋቅዎ በፊት ቢወስዱት ሁለቱም በአንድ ላይ ይሟላል። ነጩ ሽፋን ከወጣ በቀላሉ የሚታከም ስለሆነ መድኃኒቱን አያቋርጡ።

ማለቁን እንዴት አውቃለሁ?

ቆርቆሮውን ውሃ ላይ ጥሎ «ከተንሳፈፈ አልቋል» የሚለው ዘዴ አይሠራም፤ ውሃው ቫልቩንም ያበላሻል። ነቅንቆ ማዳመጥም አያስተማምንም፤ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ጋዙ ብቻውን መረጨቱን ሊቀጥል ይችላል። ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ ቁጥሩን ይመልከቱ። ካልሆነ ያስሉት፤ 200 ፓፍ የያዘ ኢንሄለር ጠዋት ሁለት ማታ ሁለት ከተወሰደ 50 ቀን ይቆያል። የጀመሩበትን ቀን በላዩ ይጻፉ። የሚረጨውን ዓይነት ከምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተዉት፤ ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ፣ ባዶውንም እሳት ውስጥ አይጣሉት።

ድንገት ሲብስብኝ ቤተሰብ ምን ያድርግ?

ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ አታስተኙት። ሳልቡታሞሉን በስፔሰር አንድ አንድ ፓፍ እየረጫችሁ፣ በመካከሉ ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ እየጠበቃችሁ፣ እስከ አስር ፓፍ ስጡት። ካልተሻለው ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ መንገድ ላይም መስጠቱን አታቁሙ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መናገር ካቃተው፣ ከንፈሩና ምላሱ ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከሆነ፣ በጎድን አጥንቶቹ መካከል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይም ድብርትና እንቅልፍ ከተጫነው አስሩን ፓፍ እስክትጨርሱ አትጠብቁ፣ ወዲያው ተነሡ። የፉጨት ድምፁ ድንገት ሲጠፋ ተሽሎታል ብላችሁ አትዘናጉ፤ አየር መግባቱን ሲያቆምም ይጠፋል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

መድኃኒቱን በትክክል እየወሰድኩ አሁንም አልተሻለኝም።

ጭሱን ይመልከቱ። ሲጋራ አጭሰው የማያውቁ፣ ግን ዕድሜያቸውን በሙሉ በተዘጋ ማድ ቤት በእንጨት፣ በኩበትና በቅጠል እንጀራ ሲጋግሩ የኖሩ እናቶች ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ይዟቸው ይመጣሉ። ኢንሄለር እየወሰዱ በዚያው ጭስ ውስጥ መቆየት የመድኃኒቱን ድካም ከንቱ ያደርገዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ካልተቻለ ጭስ የሚቀንስ ምድጃ፤ ያም ካልተቻለ ጭስ መውጫ መክፈትና ከተቻለ መጋገሩን ለሌላ ሰው መተው።

ዕጣንም ጭስ ነው። ቡና ሲፈላ ዕጣኑ ከሕሙሙ ርቆ ወይም ከደጅ ይጪስ ማለት ነውር አይደለም። ኅዳር 12 ቀን፣ ኅዳር ሲታጠን፣ በየሰፈሩ ቆሻሻ ሲቃጠል የአስም ሕሙማን ይቸገራሉ። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ጋር ይያያዛል፤ የታሰበው ጤናን ለመጠበቅ ነበር። በዚያ ቀን መስኮት ዘግተው ቤት ይቆዩ፣ መከላከያዎን ከሳምንታት በፊት ጀምሮ ሳያስተጓጉሉ ይውሰዱ። በቤት ሠራተኝነት የምትተዳደሩ፣ እዚህም ሆነ በዓረብ አገር፣ በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ጤነኛ ሳንባንም ይጎዳል።

በጾም ጊዜስ? እርጉዝ ብሆንስ?

በረመዳን ጠዋትና ማታ የሚወሰደው መከላከያ ከሱሑርና ከኢፍጣር ጋር በቀላሉ ይስማማል። ኢንሄለር ጾም ያፈርሳል አያፈርስም በሚለው ዑለማዎች ይለያያሉ፤ አያፈርስም የሚሉ ብዙ ናቸው፤ የሚያምኗቸውን ይጠይቁ። ከቁርባን በፊት ስለሚወሰድ መድኃኒት ደግሞ ንስሐ አባትዎን ያማክሩ፣ ሰዓቱንም ከሐኪምዎ ጋር ያስተካክሉ። ትንፋሽ ሲያጥር ግን ማስታገሻውን ለማንም ምክንያት አያዘግዩ።

እርጉዝ ሲሆኑ በራስዎ ፈቃድ ኢንሄለሩን ማቆም ከመድኃኒቱ ይልቅ አደገኛ ነው፤ እናቲቱ አየር ሲያጥራት ጽንሱም ኦክስጅን ያጥረዋል።

ኢንሄለሬን ለጎረቤት ላውሰው?

ለእርስዎ የታዘዘው መድኃኒት ለእሱ ላይስማማ ይችላል፣ አፉ የነካውም ዕቃ ጀርም ያስተላልፋል። አስም ራሱ ግን አይተላለፍም፤ ስለዚህ ሰው ፊት ለመውሰድ አይፈሩ። ሐኪም ጋር ወይም መድኃኒት ቤት ሲሄዱ ኢንሄለርዎንና ስፔሰርዎን ይዘው ይሂዱና ባለሙያው ፊት አንድ ጊዜ ይውሰዱ፤ ሳይጠይቅዎት «አወሳሰዴን ይዩልኝ» ይበሉት።